ስለ ረጃጅም ሰዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቁመቴ 1 ሜትር ከ84 ሳንቲ ሜትር ነው። ለጎጃም ሴት ይህ ከተለመደው እጅግ የራቀ በመሆኑ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር በሄድሁበት ሁሉ ሰው ከስሜ በፊት ቁመቴን ይጠይቃል። ነገሩ በጥያቄ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ባልጻፍሁ ነበር። ያጻፈኝ ከጥያቄው ጋር የሚመጣው ግምት ነው፤ ብዙ ሰው የሌላውን ቁመት ባየ ጊዜ ዕድሜውን፣ ጉልበቱን፣ አስተሳሰቡንና ጤናውን ጭምር ያወቀ ይመስለዋል። ከእነዚህ ግምቶች አንዳንዶቹ ከማሰልቸት አያልፉም፤ አንዳንዶቹ ግን ሕይወት ያበላሻሉ። ስለዚህ ከከፋው እጀምራለሁ።

«ቁመቷን ማየት ነው፤ ደርሳለች»

ልጃገረዶች በፍጥነት የሚመዘዙበት ጊዜ ከወንዶች በሁለት ዓመት ገደማ ይቀድማል፤ የጉርምስናው እድገት ይበልጥ የሚፈጥነው በሴቶች 12 ዓመት፣ በወንዶች 14 ዓመት አካባቢ ነው። በዚህ ምክንያት ከረጅም ቤተሰብ የተወለደች የ12 ዓመት ልጅ እናቷን በቁመት ብትበልጥ ምንም አያስደንቅም። የዳሌ አጥንት ግን ከቁመት ዘግይቶ የሚሰፋ ሲሆን፣ ቁመት መጨመር ካቆመም በኋላ ማደጉን ይቀጥላል። ስለዚህ ልጅቱ መርዘሟ አካሏ ለመውለድ ዝግጁ መሆኑን ፈጽሞ አያሳይም። በለጋ ዕድሜ የሚመጣ ምጥ ሲራዘም ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በምጥ ምክንያት ለፊስቱላ፣ ማለትም ሽንትን ወይም ሰገራን መቆጣጠር ለሚያሳጣ ጉዳት፣ የተዳረጉ ሴቶችን የሚያክም የሐምሊን ማዕከል እዚሁ ባሕር ዳር ይገኛል።

በየገጠሩ ሽማግሌ ተልኮ ስለ ጋብቻ ሲመከር «ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «አታዩዋትም እንዴ!» የሚል መልስ መስጠት የተለመደ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ግን የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎ የደነገገው በዓመት እንጂ በአካል መጠን አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል።

ዕድሜ የሚታወቅበት ማስረጃ የለም የሚባለውም እውነት አይደለም። የልደት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙዎች የምስክር ወረቀት የላቸውም፤ ነገር ግን የጎጃም እናት ልጇን «በዘመነ ሉቃስ፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ወለድኋት» ብላ ትነግራችኋለች። ዘመነ ሉቃስ የሚመለሰው በየአራት ዓመቱ ነው። እንግዲህ የሚቀረው ጥያቄ ልጅቱ ለምሳሌ 12 ነው ወይስ 16 የሚለው ብቻ ሲሆን፣ ይህም ታላቋና ታናሿ የተወለዱበት ዘመን ሲጠየቅ ይለያል። ቁመት ሰውን የሚያሳስተው በትክክል በዚህ በአራት ዓመት ልዩነት ላይ በመሆኑ፣ እናት መጠየቅ ልጅቱን ከማየት እጅግ ይሻላል።

ወንዶቹም ከዚህ አያመልጡም። «ይህን ያህል አካል ይዘህ ገና ሁለተኛ ክፍል ነህ?» የተባለ የስምንት ዓመት ልጅ ከእኩዮቹ መካከል መቀመጥ ያፍራል፤ ወላጅም በቁመቱ ተታልሎ ያለ ዕድሜው እርፍ ያስጨብጠዋል። ረጅም ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ መምህሩ ከመገመቱ በፊት የልጁን ዕድሜ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት፤ ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው ይታየው እንደሆነም ጠይቁ። የኋላ ወንበር ለረጅም ልጅ የሚሰጠው ዓይኑ ሳይመረመር ነውና።

«ጥጋብ ነው ያስረዘማቸው»

እኔና ታናሽ ወንድሜ ከአንድ መሶብ በልተን አድገን፣ እርሱ ከትከሻዬ አያልፍም። ምግብ በበቃበት ማኅበረሰብ ውስጥ በሰዎች መካከል ካለው የቁመት ልዩነት 80 ከመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና የ5.4 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ የመረመረ ጥናት፣ ከቁመት ጋር የተያያዙ ወደ 12,000 የሚጠጉ የዘረ መል ልዩነቶችን አግኝቷል። ወንድምና እህት ከእነዚህ ልዩ ልዩ ድርሻ ስለሚወርሱ በአንድ ቤት ውስጥ አጭርም ረጅምም ይወለዳል።

ይህ ማለት ግን ምግብ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ዘር የሰጠው ቁመት የሚገኘው ልጁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተመገበና ከበሽታ ከተጠበቀ ነው። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 ከመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት በታች የቀነጨሩ ነበሩ። ጎጃም ጤፍና በቆሎ ለሌላው የሚተርፍበት አገር መሆኑን ለምናውቅ ይህ ቁጥር ሊያሳዝነን ይገባል፤ ጎተራ መሙላቱ ለሕፃኑ እንቁላልና ወተት ደርሶታል ማለት አይደለም። ስለ እኔ ቁመት የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ስለ እነዚህ ልጆች ቁመት ቢጠይቅ እወድድ ነበር።

«ረጅም ሰው ጉልበት አለው፤ እርሱ ይሸከም»

ጉልበት ከጡንቻና ከልምድ እንጂ ከአጥንት ርዝመት አይገኝም። እንዲያውም መሣሪያዎቻችን የተሠሩት ለመካከለኛ ቁመት ነው። ረጅም ገበሬ ለአባቱ ቁመት የተጠረበ እርፍ ሲጨብጥ ወገቡን አጥፎ ይውላል፤ ጤፍ ሲያጭድም ከጎረቤቱ ይበልጥ ማጎንበስ ግድ ይሆንበታል፤ ረጅም ሴት ዝቅተኛ ምጣድ ላይ ስትጋግር እንዲሁ። ከሥራ በኋላ የሚሰማቸውን የወገብ ሕመም ስንፍና ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። እርፉን በስንዝር ማስረዘም፣ ምጣዱንም ከፍ ባለ መደብ ላይ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

«መረብ ኳስ ትጫወቻለሽ?»

አልጫወትም። የሴቶች መረብ ከፍታ 2.24 ሜትር ስለሆነ ቁመት እንደሚጠቅም አይካድም፤ ሆኖም በዚያው ጨዋታ ሊቤሮ የሚባለው የመከላከል ቦታ በአብዛኛው የሚያዘው በአጫጭር ተጫዋቾች ነው። በቅርጫት ኳስም ቢሆን 1 ሜትር ከ60 ብቻ የነበረው መግሲ ቦግስ በአሜሪካው ኤንቢኤ 14 የውድድር ዘመን ተጫውቷል።

«ረጅም ሞኝ፣ አጭር ተንኮለኛ ነው»

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን 1 ሜትር ከ93፣ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎል 1 ሜትር ከ96 ነበሩ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ በአጭርነታቸው የታወቁ ናቸው። ሦስቱንም ሞኝ የሚል የለም። አባባሉ አጭሩንም ረጅሙንም በእኩል ይበድላል።

«ረጅም ሴት ባል አታገኝም»

ይህ ለልጃገረድ ሲነገር እንደ ምክር ቢቆጠርም፣ ውጤቱ ልጅቱ ትከሻዋን አጉብጣ እንድትሄድና የመጀመሪያውን ጠያቂ እንድትቀበል ማድረግ ነው። ባል ከሚስቱ መርዘም አለበት የሚለው የዓይን ልማድ እንጂ የሃይማኖትም የሕግም ግዴታ አይደለም። አክስቶች ሆይ፣ ለልጃችን ማሰብ ከፈለጋችሁ ስለ ጠያቂው ጠባይ ጠይቁላት።

«ቁመት ምስጋና ነው፤ ማንሳቱ አያስከፋም»

መለሎ፣ ዘንካታ መባል በእርግጥ ምስጋና ነው፤ ደስም ይለኛል። የሚያደክመው በአንድ የገበያ ቀን ያንኑ ነገር ከብዙ ሰው መስማትና፣ ለጉዳይ የገቡበት ቢሮ ጉዳዩን ትቶ ስለ ቁመት ሲያወራ ማየት ነው። እኔ ለትልቅ ሰው «እግዜር የሰጠኝ ነው፣ አባቴ» ብዬ አልፋለሁ፤ ለእኩያዬ ቁጥሩን ነግሬ ወደ ጉዳዬ እመለሳለሁ፤ ሳይጠይቅ ትከሻዬን ይዞ ራሱን ለሚለካ ግን እንደማልወድ በግልጽ እነግረዋለሁ። ረጅም ልጆችን እንዲህ ብለው እንዲመልሱ ከወዲሁ ማለማመድ ይጠቅማል።

«ረጅም ከሆነ ጤነኛ ነው»

አብዛኛው ረጅም ሰው ጤነኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቁመት አንዳንድ ጊዜ የሕመም ምልክት ይሆናል። ከ5,000 ሰዎች አንዱን ገደማ የሚይዘው የማርፋን ሕመም ያለበት ሰው ክንዶቹ ሲዘረጉ ከቁመቱ ይበልጣሉ፤ ጣቶቹ ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው፤ ደረቱ ሊሰረጉድ፣ ጀርባው ሊጣመም፣ ሩቅ ማየትም ሊሳነው ይችላል። አደጋው ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ እየሰፋ ሄዶ ሊቀደድ መቻሉ ሲሆን፣ ይህ በልብ አልትራሳውንድ አስቀድሞ ይታወቃል። ሌላው ከአንጎል ሥር ባለው ዕጢ ላይ የሚወጣ እባጭ የእድገት ሆርሞን ሲያበዛ የሚመጣው ነው፤ ልጅ ከሆነ ከቤተሰቡ ሁሉ በተለየ ፍጥነት ይረዝማል፤ አዋቂ ከሆነ ቁመቱ ሳይጨምር ቀለበቱ ይጠብበዋል፣ የጫማ ቁጥሩም ይጨምራል። እነዚህን ምልክቶች ያየ ሰው ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ማርፋን ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ስለሆነ፣ በአንዱ ላይ ሲገኝ ወላጆቹ፣ ወንድሞቹና እህቶቹ ቁመታቸው ምንም ይሁን ምን አብረው መመርመር አለባቸው።