ድግሱ ላይ የተገኘ ሁሉ ባንዳ ነው?

የካቲት 12 በመጣ ቁጥር፣ በዚያን ዕለት የጣሊያን ገዥ የነበረው ግራዚያኒ በጠራው ድግስ ላይ ስለተገኙት ኢትዮጵያውያን ይህ ክርክር አይቀርም። «ግራዚያኒ ግቢ ምን ሊሠሩ ሄዱ? ባንዳ ቢሆኑ ነዋ!» ይባላል። እስቲ ቃሉን እንየው።

ባንዳ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ጓድ፣ ቡድን እንደማለት። ጣሊያኖች ከአገሬው ሰው መልምለው፣ ጠመንጃና ደሞዝ ሰጥተው ከጎናቸው ያሰለፉትን መደበኛ ያልሆነ ጦር የሚጠሩበት ስም ነበር። «ከሃዲ» የሚለውን ትርጉም የጨመርንበት እኛው ነን። ደግም አደረግን።

አሁን ወደ 1929 ዓ.ም. እንመለስ። ቀኑ ዓርብ ነው። የኔፕልስ ልዑል ተወለደ ተብሎ የአዲስ አበባ ድሆች ምጽዋት ሊቀበሉ ገነተ ልዑል፣ የዛሬው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተጠርተዋል። መኳንንትና ካህናትም አሉ። ለእነሱ መቅረት ራሱ እንደ አመፅ ሊቆጠር ይችላል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ መሀል ነው። አብርሃ ደግሞ ለጣሊያኖች ይሠራ የነበረ ሰው ነው! መገኘትን መለኪያ ካደረግን እሱም ባንዳ ሊባል ነው ማለት ነው።

ሕጉንም እንየው። የ1907ቱ (እ.ኤ.አ.) የሄግ የጦርነት ደንብ አንቀጽ 45 ወራሪ ኃይል የያዘውን አገር ሕዝብ የታማኝነት መሐላ እንዳያስገድድ ይከለክላል። አደባባይ መቆም ግን መሐላ አይደለም፤ ሳንቲም ፍለጋ እጅ መዘርጋትማ ጭራሽ። ደግሞስ ቦምቡ እንደፈነዳ ግቢው ውስጥ በጥይት የረገፉት እነዚያው ምጽዋት ጠባቂዎች አይደሉም እንዴ?