ካንሰር ስለታመሙ ልጆችና ስለሚደግፏቸው ማኅበራት በተለምዶ የሚባለውና እውነታው

«ካንሰር የትልልቅ ሰው በሽታ ነው»

አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ወደ 400,000 የሚጠጉ ልጆችና ወጣቶች በካንሰር ይያዛሉ። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ነው። የዓይንና የኩላሊትም አለ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ስሙን ያገኘው በ4 ዓመቱ በደም ካንሰር ካረፈ ሕፃን ነው። ድርጅቱን ያቋቋሙት አባቱ አቶ ወንዱ በቀለ ናቸው።

«ቡዳ ነው፤ ካልሆነም የወላጅ ጥፋት»

አብዛኛው የልጆች ካንሰር ምክንያቱ አይታወቅም። በዘር የሚመጣው ጥቂቱ ነው። እናት እርጉዝ ሳለች ምን በላሽ፣ የት ሄድሽ ተብላ የምትመረመርበት ነገር የለም። ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ፀጉሩ የረገፈ ልጅ ሲያይ ቤት አላከራይም የሚል ሰው ፍርሃቱን ገልብጦታል። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምናው) የሰውነትን በሽታ መከላከያ ስለሚያዳክም የእኛ ተራ ጉንፋን ነው ለልጁ የሚያሰጋው።

«ካንሰር ከተባለ አለቀ»

በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ። በድሃ አገሮች ከ30 በመቶ በታች የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። በሽታው አንድ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ዘግይቶ መድረስ፣ የመድኃኒት እጥረትና ሕክምና ማቋረጥ ነው። ለምሳሌ የሕፃን ዓይን ብሌን ላይ ነጭ ነገር ቢያበራ፣ በፎቶ ፍላሽም ቢሆን፣ «ሲያድግ ይተወዋል» አይባልም። በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው።

«መድኃኒቱ ከተገኘ ሌላው ቀላል ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በልጆች ላይ የሚበዛው የደም ካንሰር ሕክምና ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። ከጎጃም ወይም ከባሌ በሪፈር ጥቁር አንበሳ የመጣ ቤተሰብ ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር መመላለስ አይችልም። ቤት ይከራይ እንዳይባል የአዲስ አበባን ኪራይ ሁላችንም እናውቀዋለን። እናት ከታመመው ልጅ ጋር ከተማ ትቀራለች። ሌሎቹ ልጆች አባት ወይም ዘመድ ላይ ይወድቃሉ። በሬው ይሸጣል፤ ቀጥሎ መሬቱ የእኩል ይሰጣል። በመሃል ልጁ ይሻለዋል፣ መጫወት ይጀምራል። «ድኖልናል» ብለው ይዘውት ይገባሉ። ሕመሙ ግን ከውስጡ አልወጣም። ተመልሶ ሲመጣ ለማከም በጣም ይከብዳል።

ማኅበራቱ የሚገቡት እዚህ ክፍተት ላይ ነው። ካንሰር የታመሙ ልጆች ወላጆች ያቋቋሙት «ተስፋ አዲስ» የተባለው ማኅበር ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ልጆችና አስታማሚዎቻቸው ማረፊያ ቤት አለው። ማቲዎስ ወንዱም እንዲሁ። አልጋ፣ ምግብ፣ ወደ ሆስፒታል መሄጃ። ተራ ነገር ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን ልጁን ሕክምናው ላይ የሚያቆየው ይሄ ነው። አሻንጉሊት ይዞ ሄዶ ፎቶ መነሳት ለለጋሽ ይቀላል። የሽሮና የኪራይ ወጪ ፎቶ ላይ አያምርም መሰለኝ ብዙ ሰው አያስታውሰውም።

«ጸበል ከተጀመረ መድኃኒት ይቁም»

ይህ ክርክር በኤችአይቪ ጊዜም ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። እምነቱን ሳይነኩ ቀጠሮውን ማክበር ይቻላል። ጸበል የሚሄድ ቤተሰብ ለሐኪሙ ሳይፈራ ቢነግር ይሻላል፤ ሐኪሙም ባይቆጣ።

«ለልጁ አይነገረው»

ልጁ የእናቱን ፊት ያነባል። በዕድሜው ልክ በአጭሩ ይነገረው።

«ገንዘብ ከሌለኝ ምን እረዳለሁ?»

ደም አለህ። ኬሞ የሚወስዱ ልጆች ብዙ ጊዜ ፕላትሌት (መድማትን የሚያቆመው የደም ክፍል) ያስፈልጋቸዋል። ፕላትሌት ደግሞ የሚቆየው 5 ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ ለበዓል ሰሞን አንዴ ሰብስቦ ማስቀመጥ አይሆንም። ጤነኛ ከሆንክ በየ3 ወሩ ደም ባንክ ብቅ ማለት ትችላለህ። ማረፊያ ቤቱን መጎብኘት ካሰብክም አስቀድመህ ደውልና ምን እንደጎደለ ጠይቅ። ጉንፋን ከያዘህ ግን ጉብኝቱን ለሌላ ሳምንት አዛውረው፤ ዘይቱንና ዱቄቱን በሰው መላክ ይቻላል።