ትንሽ መኪና ለአውቶክሮስ፦ የጎማና የሰስፔንሽን ዝግጅት

አውቶክሮስ መኪና ለብቻው ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደምበት ውድድር ነው። ሜዳው ሰፊ ፓርኪንግ ወይም አገልግሎቱን የጨረሰ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ነው። መንገዱ በብርቱካናማ የፕላስቲክ ኮኖች ይሠራል። አንድ ዙር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ደቂቃ ገደማ ያልቃል። አሽከርካሪው ከሁለተኛ ማርሽ እምብዛም አያልፍም፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ እንኳ ረዘም ያለ ቀጥታ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሞተር ጉልበት ብቻውን ብዙ አይፈይድም። ቶሎ የሚታጠፍ፣ ቶሎ ፍጥነት የሚቀንስ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረወር ሚዛኑን የማይስት መኪና ያሸንፋል። ትንሽ መኪና ትልልቆቹን የሚያስደነግጠው እዚህ ሜዳ ላይ ነው።

በአሜሪካ ስፖርቱን በዋናነት የሚመራው በ1944 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ ነው፤ በምህጻር ኤስሲሲኤ ይባላል። ክለቡ ውድድሩን «ሶሎ» ይለዋል። ብሔራዊ ሻምፒዮናው በ1973 ተጀመረ። ከ2009 ወዲህ ደግሞ መዲናው የነብራስካዋ ሊንከን ከተማ ናት። ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያም ስፖርቱ ቅርብ ነው። የክለቡ የአካባቢው ቅርንጫፍ ሜሪላንድ ውስጥ ላንዶቨር ያለውን፣ ቀድሞ ፌዴክስ ፊልድ ይባል የነበረውን ስታዲየም ፓርኪንግ ለዓመታት ተጠቅሞበታል።

ለመግባት መንጃ ፈቃድ፣ ሄልሜትና ምርመራ የሚያልፍ መኪና ይበቃል። ምርመራው ከባድ አይደለም። ባትሪው በደንብ ታስሯል? የጎማ ዳዶዎቹ ጠብቀዋል? ኩሽኔታው ይንቃነቃል? ውስጥ ላይ የሚንከባለል ዕቃ ቀርቷል? ይኸው ነው። ኮን የመታ ለእያንዳንዱ 2 ሰከንድ ይጨመርበታል። በኮኖች መካከል የተሠራውን ማለፊያ በር የሳተ ዙሩ አይያዝለትም። ብዙ ጊዜ አንደኛና ሁለተኛ የሚለያዩት በሰከንድ ክፋይ ስለሆነ አንድ ኮን የቀኑን ልፋት ገደል ይከተዋል። ተወዳዳሪው ሲነዳ ብቻ አይውልም፤ ተራው ሲደርስ ሜዳ ወጥቶ የሌሎችን ኮን ያነሳል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ኩርባው አጠገብ ቆሞ የትኛው መኪና የፊት ጎማው እንደሚጮህ፣ የትኛው ጅራቱን ይዞ እንደሚዞር በዓይኑ ያያል።

ለዝግጅቱ ምሳሌ የሚሆን መኪና ፎርድ ፊየስታ ኤስቲ ነው። 1.6 ሊትር ባለ ቱርቦ ሞተር፣ 197 የፈረስ ጉልበት፣ 205/40 አር 17 ጎማ ያለው ትንሽ መኪና ሲሆን፣ በክለቡ «ኤች ስትሪት» በሚባለው ክፍል ውስጥ ለዓመታት ስሙን ያስጠራ ነው። ሰስፔንሽኑ፣ ማለትም ጎማዎቹን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክፍል፣ ፊቱ ማክፈርሰን ስትራት (ሞላና አሞርዛተር በአንድ ምሰሶ የተጣመሩበት)፣ ኋላው ቶርሽን ቢም (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኝ ተጣማሚ ብረት) ነው። የአዲስ አበባን መንገድ የሞላው ቶዮታ ቪትዝም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ጉልበታቸው ይለያያል እንጂ ኩርባ ላይ ያለባቸው ችግር አንድ ዓይነት ነው።

ችግሩ ፊቱ ላይ ነው። የፊት ጎማ የሚጎትታቸው ትንንሽ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከክብደታቸው 60 በመቶ በላይ የሚሆነውን ፊት ይሸከማሉ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች መኪናውን ይጎትታሉ፤ ያዞራሉ፤ አብዛኛውን የፍሬን ሥራም ይሠራሉ። አቅማቸው ሲያልቅ መሪው ቢዞርም መኪናው ቀጥታ ይሄዳል። አንደርስቲር የሚባለው ይህ ነው። ፋብሪካው ሆን ብሎ ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ደንግጦ ነዳጅ የለቀቀ ሰው አስፋልት ላይ ተሽከርክሮ እንዳይቀር። ለመንገድ ደኅንነት ጥሩ ነው። ለኮን ውድድር ግን ያናድዳል። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ሁሉ ዓላማው አንድ ነው፦ የፊት ጎማዎችን ሸክም ማቅለልና ከኋላዎቹ የበለጠ ሥራ ማግኘት።

መጀመሪያ ጎማ። ከዚህ በፊት ሌላ ነገር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ ብዙም ባልተነካካ መኪና የሚወዳደሩ ሰዎች እንኳ ለውድድር የተሠራ ጎማ ይጠቀሙ ነበር። በ2014 «ስትሪት» የተባለው ምድብ ሲመጣ የመንገድ ጎማ ግዴታ ሆነ። ዛሬ መስፈርቱ የጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የትሬድዌር ቁጥር 200 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ላስቲኩ ለስላሳ፣ ዕድሜው አጭር ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ነው። ስለዚህ 200 የተጻፈባቸው ሁለት ጎማዎች አስፋልት ላይ ፍጹም ሊለያዩ ይችላሉ። ብሪጅስቶን ፖቴንዛ አርኢ-71 አርኤስ፣ ዮኮሃማ አድቫን ኤ052ና ፋልከን አዜኒስ አርቲ660 በዚህ ሜዳ የታወቁ ናቸው። ኤ052 ገና በመጀመሪያው ኩርባ ይይዛል፤ ቶሎ ግን ይግላል። አንድ መኪና ሁለት ሰው ሲጋራው በየዙሩ መካከል ውሃ መርጫ ይዘው ጎማውን የሚያጠቡት ለዚህ ነው።

ንፋሱ ደግሞ ያለ ወጪ የሚገኝ ማስተካከያ ነው። ጠባብ ቸርኬ ያለው ትንሽ መኪና ላይ ብዙዎች ፊቱን ከ35 እስከ 40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) አድርገው ይጀምራሉ። ከዚያ ጠመኔ ይወጣል። ጎማው ትከሻ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለች። ከመርገጫው ጠርዝ ጀምሮ ምልክቷን አልፎ ወደ ጎማው ጎን የሚወርድ መስመር በጠመኔ ይሰመራል፤ አንድ ዙር ይነዳል፤ ተመልሶ ይታያል። ጠመኔው ከምልክቷ በታች ድረስ ከተፋቀ ጎማው በጎኑ እየተንከባለለ ነው፤ ንፋስ ይጨመራል። መርገጫው ጠርዝ ላይ ጠመኔው ሳይነካ ከቀረ ንፋሱ በዝቷል፤ ይቀነሳል። ጎማው ሲግል ንፋሱ አብሮ ይወጣል፤ በየ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየስ በግምት 1 ፒኤስአይ። ስለዚህ ጠዋት የለካ ሰው ቀትር ላይ እንደገና ይለካል። የኋላው ንፋስ የሚስተካከለው ደግሞ መኪናው ጅራቱን እንዲያዞር ወይም እንዲረጋ በማሰብ ነው።

አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹ አቋቋም ማስተካከያ፣ ቀጥሎ ይመጣል። ካምበር ማለት ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው። ማክፈርሰን ስትራት ያለው መኪና ኩርባ ላይ ሲያጋድል የውጭው የፊት ጎማ አብሮት ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ በትከሻው ብቻ ይቆማል። የመርገጫው ውስጠኛ ግማሽ ሥራ ፈት ይሆናል። መፍትሔው ቆሞ ሳለ ጎማውን አስቀድሞ ወደ ውስጥ ማዘንበል ነው። ደንቡ ሲፈቅድ ከ2.5 እስከ 3 ዲግሪ ኔጌቲቭ የተለመደ ነው። በስትሪት ምድብ ግን ፋብሪካው ከሰጠው የማስተካከያ ወሰን አይወጣም። አንዳንድ መኪና ላይ ስትራቱን የሚያስሩትን ቡለኖች አላልቶ፣ የጎማውን ላይኛ ክፍል ወደ ውስጥ ገፍቶ መልሶ በማጥበቅ ግማሽ ዲግሪ ያህል ይገኛል። ግማሽ ዲግሪም ይናቃል ብላችሁ አታስቡ። የውጭ ትከሻው ተበልቶ መሃሉ አዲስ የሆነ ጎማ ለጎሚስታ ያሳየ ሰው ዋጋውን ያውቃል።

«ቶ» ማለት ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወዴት እንደሚያዩ ነው። ፊቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ሲከፈት መኪናው ለመሪ ፈጥኖ ይታዘዛል። ኋላውንም ወደ ውጭ መክፈት ጅራቱን ያነቃዋል። ቶርሽን ቢም ላይ ይህ የሚሆነው ቀጭን ሺም (ማስተካከያ ቁራጭ ብረት) በማስገባት ነው፤ በሁሉም ክፍል አይፈቀድም። አውራ ጎዳና ላይ ዝናብ ሲጥል ግን እንዲህ የተከፈተ ኋላ አስፈሪ ነው። በዚያው መኪና ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው የኋላ ቶውን ባይነካካ ይሻለዋል።

ከሰስፔንሽን ዕቃዎች ሁሉ ለእንዲህ ያለ መኪና ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው የኋላ ስታብላይዘር ነው፤ ግራና ቀኙን አያይዞ መኪናው እንዳያጋድል የሚይዘው ብረት። ኩርባ ላይ ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭዎቹ የሚሸጋገረው ጠቅላላ ክብደት በስታብላይዘር አይቀየርም። እሱን የሚወስኑት የመኪናው ክብደት፣ የክብደቱ መሃል ከፍታ፣ የጎማዎቹ የጎን ርቀትና የኩርባው ኃይል ናቸው። ስታብላይዘር የሚወስነው ከዚህ ውስጥ ፊቱ ስንት፣ ኋላው ስንት እንደሚሸከም ነው። ኋላውን ማጠንከር ሽግግሩን ወደ ኋላ ይወስደዋል። ያኔ የፊት ውስጠኛው ጎማ መሬቱን ረግጦ ይቀራል። ፊየስታ ኤስቲ ሁለቱ ጎታች ጎማዎች ጉልበት እንዲካፈሉ የሚያስገድድ ሜካኒካል የዲፈረንሻል መቆለፊያ የለውም፤ ባዶውን የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን ነው የሚይዘው። ስለዚህ ያ ጎማ መሬት መርገጡ ከኩርባ ሲወጣ ነዳጅ ቀደም ብሎ ለመስጠት ያስችላል። ትንንሽ መኪኖች ኮን ሲዞሩ የኋላ ውስጠኛ እግራቸውን አንስተው በሦስት ጎማ የሚታዩት ከዚሁ የተነሳ ነው። አያስፈራም። ነገር ግን ጎማው አንዴ ከተነሳ በኋላ ኋላው የሚሰጠውን ሁሉ ሰጥቷል። ከዚያ በላይ ወፍራም ብረት መግጠም ትርፍ የለውም። የስትሪት ደንብ አንድ ስታብላይዘር ብቻ፣ የፊቱን ወይም የኋላውን፣ መቀየር ይፈቅዳል። ለፊት ጎታች መኪና ምርጫው ግልጽ ነው።

አሞርዛተር የሚሸጋገረውን ክብደት መጠን ሳይሆን ፍጥነቱን ይገዛል። ኮኖች በዚግዛግ በተደረደሩበት ስፍራ መኪናው በየሰከንዱ ያህል አቅጣጫ ስለሚቀይር ይህ የሽግግር ፍጥነት ወሳኝ ነው። ቢጫዎቹ የኮኒ ስፖርት አሞርዛተሮች ሲዘረጉ ያላቸው ጥንካሬ ይስተካከላል፤ ለዚህም በሜዳው የቆዩ ወዳጆች አሏቸው። ኋላውን ትንሽ ማጠንከር መኪናውን ያነቃዋል። ከልክ በላይ ከጠነከረ ግን ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ተከትሎ አይወርድም፤ አየር ላይ ይቀራል። የስታዲየም ፓርኪንግ ደግሞ ጥገና የበዛበት አስፋልት ነው።

ሞላ መቀየር በስትሪት አይፈቀድም፤ «ስትሪት ቱሪንግ» በሚባለው ሌላ ምድብ ውስጥ ይቻላል። ጠንካራ ሞላ ማጋደሉን ይቀንሳል። አጭር ሞላ ብቻ ገጥሞ መኪናውን መሬት ማስነካት ግን ለዓይን እንጂ ለሰዓት አይጠቅምም። አሞርዛተሩ ማቆሚያ ላስቲኩ ላይ ያርፍና ሰስፔንሽኑ መሥራት ያቆማል፤ ፊቱ ድንገት ይደርቅና አንደርስቲሩ ተመልሶ ይመጣል።

ረጅምና ጠባብ መኪና የያዘ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ደንቡን ይመልከት። ክለቡ ከጎናቸው ስፋት አንጻር ቁመታቸው የበዛ መኪኖችን አያስገባም፤ የሚገለበጡ ናቸውና። ጎማው ይበልጥ በያዘ ቁጥር ደግሞ መኪናው ተንሸራትቶ ከማምለጥ ይልቅ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል። ዝግጅቱ በሙሉ ጎማውን እንዲይዝ ማድረግ ስለሆነ ይህን ጥያቄ ስታብላይዘር ከታዘዘ በኋላ ማንሳት አይረባም።