«ሳይንቲስቱ ዓይኑን ተክሎ ያድራል?» ስለ ምርምር ቴሌስኮፕ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ቦታ፣ እያንዳንዳቸው ባለ 1 ሜትር መስታወት የሆኑ ሁለት የምርምር ቴሌስኮፖች አሉ። ስለ እነሱ ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚቀርቡት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ፤ ከጥያቄዎቹ ጀርባ ያሉት ግምቶችም እንዲሁ። ግምቶቹን አንድ በአንድ ማንሳት የፈለግኩት ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች «ይሄ ሙያ ለእኔ አይሆንም» ብለው የሚተዉት በእነሱ ምክንያት ስለሚመስለኝ ነው።

«ሳይንቲስቱ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ቴሌስኮፑ ላይ ተክሎ ያድራል»

በዛሬዎቹ የምርምር ቴሌስኮፖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዓይን የሚደቀንበት ቦታ ራሱ የለም። ብርሃኑ የሚያርፈው ካሜራ ላይ፣ ወይም ብርሃንን በየቀለሙ ዘርዝሮ በሚለካ ስፔክትሮግራፍ ላይ ነው። ዓይን የደረሰውን ብርሃን ይዞ የሚቆየው ለቅጽበት ነው። ካሜራ ግን 10 ደቂቃ፣ ካስፈለገም ግማሽ ሰዓት እያጠራቀመ ይቆያል። ደግሞም ዓይን ያየውን በቁጥር መዝግቦ አያስቀምጥም፤ ምርምር የሚፈልገው ቁጥር ነው።

ቴሌስኮፑን የሚያንቀሳቅሰው ኦፕሬተርም ተመራማሪውም የሚያድሩት መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ፣ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ነው። ቴሌስኮፑ ያለበት ጉልላት ውስጥ መብራት አይበራም፤ ሰውም ያለ ምክንያት አይቆምም፤ የሰው ገላ ሙቀት እንኳ መስታወቱ ፊት ያለውን አየር ያውካል። ቺሊ ውስጥ ፓራናል ተራራ ላይ ያሉት አራት ባለ 8.2 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚታዘዙት ከጫፉ ዝቅ ብሎ ከተሠራ አንድ ክፍል ነው።

ግምቱ ከባዶ የመጣ ግን አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ካሊፎርኒያ ፓሎማር ላይ ባለው ባለ 5 ሜትር ቴሌስኮፕ፣ ተመራማሪው ቴሌስኮፑ አናት ላይ ባለች ጠባብ ማረፊያ ውስጥ ገብቶ፣ ብርዱን ችሎ፣ አንዲት መሪ ኮከብ ከመስመሯ እንዳትወጣ በዓይኑ እየጠበቀ ያድር ነበር። ኤሌክትሮኒክ ካሜራ ሲመጣ ያ አሠራር ቀረ።

«ዋናው ነገር ስንት እጥፍ ያጎላል የሚለው ነው»

ባለሙያ የሚጠይቀው ምን ያህል ብርሃን እንደሚሰበስብ ነው። በጨለማ የሰፋ የዓይን ብሌን 7 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ከዓይን 20,000 እጥፍ ገደማ ብርሃን ይሰበስባል። ባለ 8.2 ሜትሩ ደግሞ ከባለ 1 ሜትሩ 67 እጥፍ ይሰበስባል። በጣም ሩቅና ደብዛዛ የሆነ ጋላክሲ የሚታየው ስለተጎላ ሳይሆን ብርሃኑ ስለተጠራቀመ ነው።

ማጉላቱንም ቢሆን ከባቢ አየር ይገድበዋል። ኮከብ ብልጭ ድርግም የሚያሰኘው የአየር መናወጥ፣ በጥሩ ሌሊት እንኳ የኮከቡን ምስል ወደ አንድ አርክ ሰከንድ ያህል ያሰፋዋል፤ ይህም ከሙሉ ጨረቃ ስፋት 1,800ኛው እጅ ነው። ከዚያ በላይ ብናጎላው የምናገኘው ተለቅ ያለ ብዥታ ነው።

«ተራራ ላይ የሚተከለው ወደ ከዋክብት ለመቅረብ ነው»

ከፀሐይ ቀጥሎ የምትቀርበን ኮከብ፣ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ 40 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ሦስት ኪሎ ሜትር መውጣት እዚህ ውስጥ ቁጥር አይገባም። የሚወጣው አየሩን ከሥር ለመተው ነው። እንጦጦ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል ግፊት ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ሦስተኛው አየር ታች ቀርቷል ማለት ነው። ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን የሚውጠው የውሃ ተንም የሚበዛው ታች ነው።

ከፍታ ብቻውን ግን አይበቃም። አየሩ ሳይናወጥ የሚፈስበት ቦታ ያስፈልጋል፤ ጨለማም ያስፈልጋል። እንጦጦ የሚፈተነው በዚህ ነው፦ አዲስ አበባ እግሩ ሥር ነች፤ መብራቷም ወደ ሰማይ ወጥቶ ይበተናል። ላሊበላ አካባቢ ያሉ ተራሮች ለተሻለ ጣቢያ የተጠኑት ስለዚህ ነው። ደማቅ ኮከቦችን ለማጥናት የከተማ ብርሃን ያን ያህል አያግድም፤ ደብዛዛ ጋላክሲ ለሚፈልግ ግን ከባድ እንቅፋት ነው። የመንገድ መብራት አናቱ ተከድኖ ወደ ታች ብቻ ቢያበራ ለእግረኛው ምንም ሳይጎድልበት ሰማዩ ይተርፋል፤ ይህ በከተማ ዕቅድ ውስጥ ቢገባ ምንኛ ደስ ባለኝ።

«ደመና ከሌለ ቴሌስኮፑ ይሠራል»

የኦፕሬተር ሥራ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቶ ጉልላቱ ተዘግቶ የሚያድርበት ሌሊት አለ።

ዋናው መስታወት ላይ የተቀባው አንጸባራቂ አልሙኒየም ውፍረቱ 100 ናኖ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንዲት የራስ ፀጉር በመቶዎች እጥፍ ይቀጥናል። ጤዛ ካረፈበትና አቧራ ከተለጠፈበት ቶሎ ይጎዳል። ስለዚህ ኦፕሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ የአየር እርጥበቱን፣ የነፋሱን ፍጥነት፣ እንዲሁም በመስታወቱ ሙቀትና ጤዛ በሚወርድበት ሙቀት መካከል ያለውን ልዩነት ይከታተላል። ብዙ ጣቢያዎች እርጥበቱ ከ80 እስከ 85 በመቶ ሲደርስ ይዘጋሉ። ፓራናል ላይ ነፋሱ በሰከንድ 12 ሜትር ካለፈ ቴሌስኮፑ ፊቱን ወደ ነፋሱ እንዳያዞር ይከለከላል፤ 18 ሜትር ከደረሰ ጉልላቱ ይዘጋል። ተመራማሪው ይህን ሌሊት ለማግኘት ወራት ጠብቆ ሊሆን ይችላል፤ «አምስት ደቂቃ ብቻ ጨምርልኝ» ብሎም ሊለምን ይችላል። የመዝጋት ሥልጣኑ ግን የኦፕሬተሩ ነው፤ እንዲህ መሆኑም ተገቢ ነው። የጠፋ ሌሊት በሌላ ይተካል፤ የተጎዳ መስታወት ግን ወርዶ፣ አሮጌው ቅብ ታጥቦ፣ በቫኪዩም ክፍል ውስጥ እንደገና እስኪቀባ ድረስ ጣቢያው ሥራ ያቆማል።

ሌሊት በዓይን የማይለይ ስስ ደመናም አለ። ኦፕሬተሩ የሚያውቀው ከመሪ ኮከቡ ነው፦ ስክሪኑ ላይ 12,000 ሲል የነበረው የብርሃን ቆጠራ ወደ 9,000 ሲወርድና እንደገና ሲወጣ፣ ኮከቡ ተለውጦ ሳይሆን ከላይ የሆነ ነገር እያለፈ ነው። ያቺ ደቂቃ መዝገቡ ላይ ካልተጻፈች፣ ከወራት በኋላ መረጃውን የሚተነትነው ሰው ኮከቡ የደበዘዘ ይመስለዋል።

በእኛ አገር ደግሞ ክረምቱ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም የሰማይ ምልከታ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ጥገናና የመረጃ ትንተና የሚበዛው ያኔ ነው።

«አነጣጥሮ መተው ነው»

መሬት ስለምትዞር ሰማዩ በሰከንድ እስከ 15 አርክ ሰከንድ ይንሸራተታል። ቴሌስኮፑ ባይከተል ኖሮ፣ በ5 ደቂቃ ፎቶ ውስጥ ኮከቡ የሁለት ጨረቃ ተኩል ስፋት ያህል መስመር ይሰምር ነበር። የሰማዩ አንድ ሙሉ ዙር የሚሞላውም በ24 ሰዓት ሳይሆን በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው። በዚያ ላይ ከአድማስ ቀረብ ሲል አየሩ ብርሃኑን ያጎብጣል፤ ቴሌስኮፑም ሲያዘነብል በራሱ ክብደት ትንሽ ይታጠፋል። ሶፍትዌሩ ይህን ሁሉ አስልቶ ያርማል፤ ቀሪውን ስሕተት መሪ ኮከብ ላይ ያነጣጠረች ሌላ ካሜራ በየጥቂት ሰከንዱ ታስተካክላለች።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር፦ አብዛኞቹ ዘመናዊ ትልልቅ ቴሌስኮፖች በትክክል አናት ላይ ያለን ኮከብ መከታተል አይችሉም። የሚዞሩት በግራና ቀኝ እንዲሁም ወደ ላይና ወደ ታች ነው፤ ኮከቡ በአናታቸው ሲያልፍ እሱን ለመከተል በቅጽበት ግማሽ ዙር መሽከርከር ይኖርባቸዋል። ኦፕሬተሩ ይህን አስቀድሞ አስልቶ ያን ጊዜ በሌላ ኮከብ ያሳልፋል።

«ፎቶው በኢንተርኔት እንደምናየው በቀለም አሸብርቆ ይወጣል»

ከካሜራው የሚወጣው ግራጫ ፋይል ነው። በውስጡ የኮከቡ ብርሃን አለ፤ ካሜራው ራሱ የሚጨምረው ምልክት፣ የአቧራ ጥላና ከጠፈር የመጡ ቅንጣቶች የተዉት ነጥብም አብረው አሉ። እነዚህን ለይቶ ለማውጣት ሌላ ፎቶ ያስፈልጋል፦ መዝጊያው ሳይከፈት የሚነሳ አለ፤ እኩል ብርሃን ባለው ሰማይ ላይ የሚነሳም አለ። ይህኛው የእያንዳንዱን ፒክስል ድካምና ብርታት ያሳያል፤ የሚነሳውም ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ በጣም ሳይበራ፣ ኮከቦችም ሳይወጡ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። እንደ እኛ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ቶሎ ስለሚመሽ እነዚያ ደቂቃዎች ያጥራሉ። በእያንዳንዱ ፊልተር ተራ በተራ ለመጨረስ ኦፕሬተሩ ቀድሞ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

ቀለሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም። በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ፊልተር ለየብቻ የተነሱት ሲደራረቡ ቀለም ይሆናሉ፤ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድም የሚታይ ቀለም ይሰጠዋል። ለተመራማሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውብ ፎቶ ይልቅ የተወዛወዘ መስመር የሚመስለው የስፔክትሮግራፍ ውጤት ይበልጥበታል፤ ኮከቡ ከምን እንደተሠራና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ የሚነግረው እሱ ነው።

«ሙሉ ጨረቃ ጥሩ ሌሊት ነው»

ለደብዛዛ ነገሮች ከሁሉ የከፋው ሌሊት ነው። ጨረቃ የሌለችባቸው ሌሊቶች በጣም የሚፈለጉ ናቸው፤ ጨረቃዋ ስትሞላ ለደማቅ ኮከቦች ጥናት ይተዋሉ።

«ሃብልና ጄምስ ዌብ እያሉ፣ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ ምን ይሠራል?»

ይህ አመለካከት ከሁሉም በላይ የሚጎዳን ይመስለኛል። ሃብል ከ1990 ጀምሮ፣ ጄምስ ዌብ ደግሞ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ጠፈር ላይ ያሉ ቴሌስኮፖች ናቸው፤ ሥራቸው ድንቅ ነው። ነገር ግን ጊዜያቸው የሚታደለው በውድድር ነው፤ ከሚቀርበው ጥያቄ አብዛኛው ውድቅ ይሆናል። አንድን ኮከብ ለወራት በየሌሊቱ ለመለካት እነሱን የሚፈቅድ የለም። ያ የትንንሾቹ ሥራ ነው።

ማስረጃው ቅርብ ነው። ከፀሐይ ውጭ እንደ ፀሐይ ባለ ኮከብ ዙሪያ የተገኘው የመጀመሪያው ፕላኔት፣ 51 ፔጋሲ ቢ፣ በ1995 የተገኘው ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ባለ 1.93 ሜትር ቴሌስኮፕ ነበር፤ ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ በ2019 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉበት ሥራ ነው። ትራፒስት የሚባለው ቺሊ ላ ሲያ ላይ ያለው ቴሌስኮፕ ደግሞ መስታወቱ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከእንጦጦዎቹ ያንሳል። አንዲት ቀዝቃዛና ትንሽ ኮከብ ደጋግሞ ሲለካ ቆይቶ በ2016 ሦስት ፕላኔቶች እንዳሏት ተገለጸ፤ በ2017፣ ሌሎች ቴሌስኮፖችና የስፒትዘር የጠፈር ቴሌስኮፕ ታክለውበት፣ ቁጥራቸው ሰባት ደረሰ። ዛሬ ጄምስ ዌብ ራሱ እነዚያን ፕላኔቶች ያጠናል። ዒላማውን ያገኘለት ትንሹ ነው።

አቀማመጣችንም ያግዛል። አዲስ አበባ ላይ ሲመሽ ቺሊ ገና ቀን ነው። ብርሃኑ በየሰዓቱ የሚለዋወጥን ኮከብ ሳያቋርጡ ለመከታተል፣ አንዱ ሲነጋበት ሌላው የሚረከብበት የጣቢያዎች ሰንሰለት ያስፈልጋል፤ ምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ የምርምር ቴሌስኮፕ የሳሳበት ቦታ ነው። ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ስለምንገኝ ከሰሜን ኮከብ እስከ ደቡብ መስቀል ድረስ ይታየናል፤ አውሮፓ ያለ ጣቢያ ይህን አያገኝም።

«የፊዚክስ ዶክተር ያልሆነ፣ ቴሌስኮፕም የሌለው ሰው እዚህ ቦታ የለውም»

የምርምር ጥያቄውን ለሚቀርጸው ሰው ዶክትሬት ሊያስፈልግ ይችላል። ቴሌስኮፑን የሚያንቀሳቅሱት ግን ከኤሌክትሮኒክስ፣ ከሜካኒካል ምህንድስና፣ ከኮምፒውተርና ከፊዚክስ የመጡ፣ ብዙዎቹም የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ጉልላቱ ሳይዞር ሲቀር ሞተሩን የሚፈትሽ፣ ካሜራውን ከዜሮ በታች በብዙ ዲግሪ የሚያቀዘቅዘውን ሲስተም የሚጠግን፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሶፍትዌሩ ሲቆም ምክንያቱን የሚያገኝ ሰው ከሌለ ምልከታ የለም።

መረጃውም ቢሆን ተቆልፎበት አይቀርም። የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ በቺሊ የሚሰበስበው መረጃ አብዛኛው ከአንድ ዓመት በኋላ ለማንም ክፍት ይሆናል። በ2018 የመጠቀችው ቴስ የምትባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ መረጃም በነፃ ይወርዳል። ባሕር ዳር ወይም ጅማ ያለ ተማሪ ላፕቶፕና ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ትንሽ ዕውቀት ካለው፣ የአንድን ኮከብ የብርሃን መዝገብ አውርዶ፣ ግዙፍ ፕላኔት ፊቷ ሲያልፍ ብርሃኗ አንድ በመቶ ያህል የሚቀንስበትን ሰዓት ራሱ መለካት ይችላል።