ኦቨርሎድ ምንድን ነው? ፍሪጅ «ቀጭ» እያለ አልነሳ ሲል

መብራት ሄዶ ይመጣል። አምፖሉ በራ፣ ቴሌቪዥኑም ነቃ። ፍሪጁ ግን «እምምም» ይልና ጥቂት ሰከንድ ያቃስታል። ከዚያ «ቀጭ»። ዝም። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «እምምም»፣ እንደገና «ቀጭ»። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ፍሪጅ ኖሮት ይህን ድምፅ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ግማሹ «ሞተሩ ተቃጠለ» ብሎ ይደነግጣል። ግማሹ «ጋዝ ጨርሶ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አይደለም። «ቀጭ» የሚለው ኦቨርሎድ የሚባል ትንሽ ዕቃ ነው። ሥራውም ሞተሩ እንዳይቃጠል መጠበቅ ነው።

ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ አድርጋችሁ ከኋላ በታች በኩል ብታዩ ጥቁር ድቡልቡል ብረት አለ። ኮምፕረሰር ይባላል፤ ሰው «ሞተሩ» የሚለው እሱን ነው። ጎኑ ላይ የፕላስቲክ ክዳን አለው። ከክዳኑ ሥር ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንዱ ሞተሩን የሚያስነሳው ሪሌይ ነው፣ ሌላው ኦቨርሎድ። አንዳንድ ፍሪጅ ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ተሠርተው ይመጣሉ።

ኦቨርሎዱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ስስ ዝርግ አለ። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም። ስለዚህ ዝርጉ ሲግል በድንገት ይቆለመማል፣ ሲቆለመም መስመሩን ይቆርጣል። የምንሰማው «ቀጭ» ይኸው ነው። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ ቦታው ይመለስና ለሞተሩ እንደገና ኃይል ይለቃል። ሞተሩ ከተነሳ እሰየው። ካልተነሳ ዙሩ ይቀጥላል።

ዝርጉን የሚያግለው ምንድን ነው? መነሳት ያቃተው ሞተር በደህናው ቀን ከሚስበው ኃይል ብዙ እጥፍ ይስባል። እዚያው ቆሞ «እምምም» እያለ ይግላል። ኦቨርሎድ ባይኖር ኖሮ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ በደቂቃዎች ውስጥ ያርር ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ሞተሩ ለምን መነሳት አቃተው የሚለው ነው። የመጀመሪያው ምክንያት መብራቱ ቶሎ መመለሱ ነው። ቶሎ መመለሱ ደግ ይመስላል፤ ለፍሪጅ ግን አይደለም። ኮምፕረሰሩ ጋዙን ከአንዱ ወገን እየመጠጠ ወደ ሌላው ወገን ያጭቃል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ግፊቱ እዚያው እንደታጨቀ ይቀራል። በቀጭኗ ቱቦ በኩል ቀስ ብሎ እስኪተነፍስ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ተነሳ ማለት የጫነ አይሱዙን ሐረጎ አቀበት መሃል አቁሞ እንደገና አስነሱት እንደማለት ነው።

ሪሌዩም የራሱ ጣጣ አለው። በብዙ ፍሪጆች ውስጥ ያለው ሪሌይ ሳንቲም የምታክል የሴራሚክ ቁራጭ ናት። ስትቀዘቅዝ ለማስነሻው ሽቦ ኃይል ታሳልፋለች፤ ወዲያው ትግልና ትዘጋለች። ሞተሩ ተነስቶ ሥራ ላይ እስካለ ድረስ እንደጋለች ትቆያለች። መብራት ሄዶ ወዲያው ከተመለሰ ገና አልቀዘቀዘችም። ማስነሻው ኃይል አያገኝም። «እምምም»፣ «ቀጭ»።

ለዚህ ነው ጥሩ የፍሪጅ ስታብላይዘር ወይም መከላከያ መብራት ከመጣ በኋላ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚያስጠብቀው። ያንን ጥበቃ «ተበላሽቷል» ብሎ ስታብላይዘሩን ነቅሎ ፍሪጁን በቀጥታ ግድግዳው ላይ የሚሰካ ሰው አለ። ኧረ ተዉ። ገንዘብ የከፈላችሁበት ለዚያች ጥበቃ ነው። በነገራችን ላይ ስታብላይዘሩ ራሱ ኃይል ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር «ቀጭ ቀጭ» ይላል። የእሱ ጤነኛ ድምፅ ነው። ከመደንገጣችሁ በፊት ጆሯችሁን ጠጋ አድርጋችሁ ድምፁ ከሳጥኑ ይሁን ከፍሪጁ ጀርባ ለዩ።

ሁለተኛው ምክንያት የኃይል ማነስ ነው። እኔ በእኛ አካባቢ ዋናው ጠላት ይህ ነው ባይ ነኝ። የቤት መብራት 220 ቮልት መሆን አለበት። ሞተር የሚነሳበት ጉልበት ግን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ ከእሱ ፈጥኖ ይወርዳል። ቮልቱ ወደ 170 ቢወርድ ጉልበቱ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። አምፖል ፈዘዝ ብሎም ቢሆን ይሠራል። ሞተር ግን ወይ ይነሳል ወይ አይነሳም።

ቮልቱ የሚወርደው መቼ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። ፍሪጅ ደግሞ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ዋት ነው። በዓል ዋዜማ ሰፈሩ በሙሉ ምጣዱን ሲጥድ፣ በረመዳን ደግሞ ማፍጠሪያው ሲቃረብ ምድጃው ሁሉ ሲለኮስ፣ አንድ መስመር ላይ ያለው ፍሪጅ ምን ይድረሰው? እዚህ ላይ ቀላል መለያ አለ። ፍሪጁ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ «ቀጭ» እያለ ያስቸገረ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ግን እንደ ልቡ የሚነሳ ከሆነ ጥፋቱ የፍሪጁ አይደለም። ባለሙያ ጠርታችሁ ብር አታውጡ። ምጣዱ ሲጣድ ፍሪጁን ንቀሉት። ጋግራችሁ ስትጨርሱ መልሱት። ምጣድና ፍሪጅን አንድ ዲቫይደር ላይ ስለመሰካት አላወራም። እሱ የፍሪጅ ሳይሆን የእሳት አደጋ ጉዳይ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ሙቀት ይጨመርበታል። ኮምፕረሰሩ ሲሠራ ቆይቶ እኩለ ቀን ላይ በራሱ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ከቆመ ሙቀት በዝቶበት ይሆናል። ከኋላ ያለው ጥቁር ፍርግርግ አቧራ ለብሶ፣ ወይ ፍሪጁ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ወይ ከላዩና ከጎኑ ዕቃ ታጭቆበት ሊሆን ይችላል። ነቅላችሁ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጉት።

ሦስተኛው እውነተኛ ብልሽት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሄደው ደግሞ ትንሹ ሪሌይ ነው። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ፍሪጅ ጠጋኝ ነቅሎ ያወጣውን ሪሌይ ጆሮው ሥር አድርጎ ሲነቀንቀው አይቻለሁ። ውስጡ «ካሽ ካሽ» አለ። ሴራሚኳ ተሰባብራለች ማለት ነው። «አብሽሩ እማማ፣ ሞተሩ ደህና ነው» አላቸው የፍሪጁን ባለቤት፣ ገና ፍሪጁን ሳይሰካው። ይህን የሚያደርገው ግን ሶኬቱ ተነቅሎ ነው። እናንተ ክዳኑን መክፈት አይጠበቅባችሁም።

ከእናንተ የሚጠበቀው ይህ ነው። «ቀጭ» ከሰማችሁ ንቀሉ። አሥር ደቂቃ ጠብቁ። አምፖሉ ደምቆ መብራቱን ካያችሁ በኋላ ሰኩ። ከተነሳ አበቃ። ኃይሉ ደህና ሆኖ ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ «ቀጭ» ካለ ንቀሉና ባለሙያ ጥሩ። «ሲሻለው ይነሳል» ብላችሁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት እንዲያድር አትተዉት። ኦቨርሎዱ በቆረጠ ቁጥር ሞተሩ አንድ ጊዜ ግሎ ነበር ማለት ነው። የሽቦው ልባስ ያን ሁሉ ግለት አይችለውም። በርካሽ ሪሌይ የሚያልቀው ነገር ሞተር የሚያስቀይረው እንዲህ ነው።

ጋዙ እዚህ ውስጥ የለበትም። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ቡታጋዝ እየነደደ አያልቅም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ከቀነሰ የሚያፈስበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ያኔ ደግሞ ሞተሩ አያቆምም፣ ሳይበርድ ይሠራል እንጂ። ስለዚህ «ቀጭ» ለሚል ፍሪጅ «ጋዝ እንሙላ» የሚላችሁ ሰው ሲገጥማችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁት። ሲያፈስ ካየም ቀዳዳው ሳይደፈን አይሞላም።

ከ«ቀጭ» ሌላ ድምፅስ? ፍሪጅ ከዝምታው ይልቅ ወሬው ይበዛል። ውስጡ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ጋዙ እየተጓዘ ነው። ጠቅ ጠቅ ካለ ፕላስቲኩ በቅዝቃዜ እየተኮማተረ ነው። ሞተሩ ሲያቆም «ድም» ብሎ መንቀጥቀጡም ያለ ነው፤ ውስጡ በስፕሪንግ ላይ ነው የተቀመጠው። ብረት ከብረት የሚጋጭ ድምፅ ከሆነ ግን ሌላ ነው። በተለይ ፍሪጁ ከኮምቦልቻ አይሱዙ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ሐረጎን ከወጣ በኋላ የጀመረ ከሆነ ስፕሪንጉ ከቦታው ወጥቶ ይሆናል። ፍሪጅ ቆሞ ይጫናል። የግድ ከተጋደመ ደግሞ ከመሰካቱ በፊት ሰዓታት ቆሞ ይረፍ፣ ዘይቱ ወደ ሞተሩ ይመለስ።

ግድግዳው ላይ በረዶ የማያጋግረው ዓይነት («ኖ ፍሮስት» የሚባለው) ፍሪጅ ደግሞ ውስጡ ማራገቢያ አለው። በሩ ተዘግቶ «ትርርር» እያለ፣ ስትከፍቱት ዝም ካለ ማራገቢያው በረዶ እየነካ ሊሆን ይችላል። በብዙዎቹ ላይ በር ሲከፈት ማራገቢያው ይቆማል። ነቅላችሁ፣ ባዶ አድርጋችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። በረዶው ቀልጦ ድምፁ ከጠፋና በሳምንቱ ከተመለሰ ግን በረዶውን የሚያቀልጠው ክፍል ተበላሽቷል።

ደሴ ላይ ዝምታም ሰው ያስደነግጣል። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ኩሽናው ራሱ ፍሪጅ ይሆናል። አብዛኞቹ ፍሪጆች ከ16 ዲግሪ በላይ ለሆነ ክፍል የተሠሩ ናቸው፤ ወረቀታቸው ላይ «ኤስኤን» የሚል የላቲን ምልክት ያለባቸው እስከ 10 ዲግሪ ይችላሉ። ክፍሉ ሲበርድ ታችኛው ክፍል ቀድሞውንም ቀዝቅዟልና ሞተሩ አይነሳም። ላይ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ሥጋ ግን መቅለጥ ይጀምራል። ባለቤቱ «ሞተሩ ሞተ» ይላል። አልሞተም። ሞቅ ወዳለ ክፍል ቢዛወር ይሠራል።

ልብስ ማጠቢያ ላይ የሚመጣው ስም ኩሽኔታ ነው፤ ከበሮው የሚዞርበት የብረት ቀለበት (ቤሪንግ)። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሠራ ሰው ወይም ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። ሲጨምቅ የሚያገሳና ሳምንት በሳምንት ድምፁ እየጨመረ የሚሄድ ማሽን ኩሽኔታው እያለቀ ነው። ነቅላችሁ ከበሮውን በባዶው በእጃችሁ አዙሩት። ካንገራገረ ያው ነው። ብዙውን ጊዜ ጎማው አርጅቶ ውሃ አስገብቶበት ነው። ዛሬ ነገ ሲባል ከበሮው ራሱ ይጎዳል። አዲስ ማሽን በመጀመሪያው ቀን ቤቱን እያናወጠ ከተራመደ ግን አትጣሉ፤ በጉዞ ላይ ከበሮው እንዳይንቀሳቀስ ከኋላ የታሰሩት ብሎኖች አልወጡም ይሆናል።

የውሃ ዲናሞም እንደ ፍሪጁ «እምምም» ብሎ አልዞር ካለ ወዲያው አጥፉት። ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው ካፓሲተር ተበላሽቷል ወይም ውስጡ ተቆልፏል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ባዶ ቱቦ እየሳበ ድምፁ ቀጠን ብሎ ሲጮህ ይሰማል። ያለ ውሃ ሲዞር ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋው ማኅተም (ሲል) ይቃጠላል።

ሶኬት ወይም ማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ «ጭስስ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ በተለይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ እዚህ ጋር ቆይቶ ማየት የለም። ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ኤሌክትሪሺያን ሳያየው መልሳችሁ አታብሩ። ማይክሮዌቭም እንግዳ ድምፅ ካወጣ ክዳኑን አትፍቱ። ተነቅሎም ውስጡ ገዳይ ኃይል ይይዛል።

ባለሙያ ስትጠሩ ድምፁን በስልክ ቀድታችሁ ጠብቁት፤ ሰው ሲመጣ ዕቃው ጨዋ የመሆን ልማድ አለው። በስንት ሰዓት እንደሚጀምር፣ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ይሁን ምጣድ ሲጣድ ንገሩት። ቱቦ የሚበየድ ከሆነ ኮምፕረሰሩ ላይ የተለጠፈውን አንብቡለት። «አር 600ኤ» የሚል ከሆነ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ በርና መስኮት ይከፈት፣ ምድጃ ይጥፋ። ሞተሩ ይቀየር ካላችሁ ደግሞ አስቀድሞ ሌላ ሪሌይና ሌላ ኦቨርሎድ ገጥሞ እንደሞከረ ጠይቁት። ካልሞከረ እናንተው ፊት ይሞክር።