«ዕድሜ ነው» እያልን የምናልፈው ድባቴ

ፊልም ሲያሰለቸን «ደበረኝ» እንላለን። ሥራ ስንፈታም «ደበረኝ» ነው። ለብቻቸው የሚኖሩ አንዲት እናት «ደብሮኛል» ሲሉ ጆሮ የማንሰጣቸው ለዚህ ይሆናል። ሐኪሞች በሽታውን ለይተው ድባቴ ይሉታል። እኛ ግን ስለ እሱ ሰፈር ውስጥ የምናወራው አብዛኛው ልክ አይደለም።

«ዕድሜ ነው፤ ያረጀ ሰው ይከፋዋል»

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከአረጋውያን መካከል የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 14 በመቶ ያህሉ ናቸው። ድባቴና ጭንቀት በብዛት ይታያሉ። የቀሩት፣ ማለትም አብዛኞቹ፣ ከነዕድሜያቸው ደህና ናቸው። ድባቴን የሚጠሩት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ የትዳር ጓደኛ ሞት፣ የማይለቅ ሕመም፣ የጆሮ መድከም። ጆሮ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ወሬው የማይሰማው ሰው ቡና ላይ መቀመጥ ይታክተዋል፤ ቀስ በቀስ ይቀራል።

«አላለቀሱም፣ አዝኛለሁም አላሉም»

ብዙ የምንስተው እዚህ ላይ ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን «ከፍቶኛል» ማለት አይሆንላቸውም። «ወገቤን»፣ «ጨጓራዬን»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው የሚሉት። ይመረመራሉ፣ ምንም አይገኝም፣ ማስታገሻ ተይዞ ወደ ቤት ይገባል። መርሳትም ሊመጣ ይችላል፤ ቤተሰቡ «ጃጁ» ብሎ ይደመድማል። እህል መቀነስ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅቶ መቅረት፣ የማይቀሩበትን ማኅበር ወይም ሰንበቴ መተው፣ ነጠላቸው ሁሌ ነጭ የነበረ ሰው ማጠቡን ሲያቆም… እንዲህ ያለው ነገር 2 ሳምንት ካለፈው ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። እግረ መንገድ የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ችግርና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት መኖር አለመኖሩን መመርመር ጥሩ ነው። ሁለቱም ድባቴ መስለው ይመጣሉ።

«ለብቻቸው ስለሆኑ ነው፤ እኛ ጋ ይምጡ»

ለብቻ መኖርና ብቸኝነት ይለያያሉ። ጎረቤት ሲወጣ ሲገባ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» የሚላቸው እናት ለብቻቸው ቢያድሩም ብቸኛ አይደሉም። አሜሪካ ልጃቸው ጋ የሄዱትን አስቡ። ልጅ ሁለት ሥራ ላይ ነው። የልጅ ልጆች የሚያወሩት በእንግሊዝኛ። መኪና አይነዱ፣ ሰፈሩን አያውቁት። አፓርታማ ውስጥ ተቀምጦ መዋል ነው። ሰው በሞላበት ቤት ብቸኛ ሆኑ ማለት ይኸው ነው።

«ልጆቻቸው ዶላር ይልኩ የለ? እድሩም አለ»

ዶላሩ ኪራይና መድኃኒት ይከፍላል፤ ቀላል ነገር አይደለም። ግን አጠገብ ተቀምጦ ስኒ አይቀበልም። እድርም በተለምዶ ሥራው የሚጀምረው ሰው ሲሞት ነው። ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ሰዉ ይጎርፋል፤ ሰው የናፈቃቸው እናት ግን ይህን አያዩትም። ደግነቱ በሕይወት ያሉ አረጋውያንን መደገፍ የጀመሩ እድሮችም አሉ።

«ሰው ለሰው መድኃኒቱ፤ ኪኒን ምን ያደርጋል?»

ለቀላል ድባቴ እውነት ነው፤ ሰው፣ እንቅስቃሴና የምክር አገልግሎት ብዙ ይረዳሉ። ሲጠና ግን ኪኒኑም ያስፈልጋል። ሱስ አያስይዝም። ሥራው እስኪታይ ግን ሳምንታት ይወስዳል፣ በአረጋውያን ላይ ደግሞ ሊዘገይ ይችላል። «አልሠራልኝም» ተብሎ በ10ኛው ቀን የሚጣለው ይህን የሚነግራቸው ስለሌለ ነው። ጸበል ለሚጠመቁም ጸበሉና ኪኒኑ አይጋጩም።

«ስለ ሞት ከጠየቅናቸው ሐሳቡን እናስገባባቸዋለን»

«ምነው በወሰደኝ» ሲሉ በቀልድ አንለፈው። «ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ እንዲያውም ብዙዎችን ይቀላቸዋል። አዎ ካሉ ብቻቸውን መተው የለም፤ የዚያኑ ቀን ሕክምና ነው።

«ከእንግዲህ መጦር እንጂ ምን ይሠራሉ?»

ይሄኛው ያናድደኛል። ዚምባብዌ ውስጥ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አንድ ነገር ጀመረ። አያቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሥራቸው የተጨነቀ ሰው ማዳመጥና መላ እንዲያገኝ መርዳት ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ በ573 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሲወጣ፣ አያቶቹ ዘንድ የተቀመጡት በ6 ወር ውስጥ ከሌሎቹ ይበልጥ ተሽሏቸው ተገኘ። የእኛዎቹስ ምን አነሳቸው? ከውጭ ስትደውሉ «ምን ልላክልሽ?» ብቻ አትበሉ። «እማ፣ በርበሬው እንዴት ነው የሚደለዘው?» በሉ። ስልኩ ቶሎ አይዘጋም።