የቢላ ብረትን ማጥቆር፦ ዘዴዎቹና አሰራራቸው

ቢላ ማጥቆር ሲባል ብዙ ሰው ቀለም መቀባት ይመስለዋል ግን አይደለም፣ አብዛኛው ዘዴ የብረቱን የላይ ፊት ራሱን በኬሚካል መለወጥ ነው። ብረት ሲዝግ እኮ አንድ አይነት ዝገት ብቻ አይደለም ያለው፣ ቀዩ ዝገት እየተፈረፈረ ከስር ያለውን እየበላ ይሄዳል፣ ማግኔታይት የሚባለው ጥቁሩ ኦክሳይድ ግን ብረቱ ላይ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። ስራው በቃ ይሄን ጥቁሩን ሆን ብሎ ማምጣት ነው። ሽፋኑ በጣም ስስ ነው፣ ብዙ ጊዜ 1 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) አካባቢ፣ ብቻውን ዝገት አይከለክልም፣ የሚከለክለው ውስጡ የሚይዘው ዘይት ነው። ስለዚህ አጥቁሮ ዘይት ያልቀባ ሰው ስራውን ገና አልጨረሰም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ዝግጅቱ ነው፣ እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው በኋላ እንደገና ፈትጎ ከመጀመር በቀር መንገድ የለውም። ጥቁሩ ጭረት አይደብቅም፣ እንደውም ያጎላዋል፣ ስለዚህ በብርጭቆ ወረቀት ከ220 ቁጥር ጀምሮ እስከ 400 ወይም 600 ድረስ፣ ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር አቅጣጫ እየቀየሩ የፊተኛው ጭረት እስኪጠፋ መፈተግ ነው። ከዛ በአሴቶን መጥረግ፣ ከዛ በኋላ በባዶ እጅ አለመንካት፣ የጣት ቅባት የነካው ቦታ ላይ ኬሚካሉ እኩል ስለማይሰራ አሻራው እንዳለ ይታያል።

ለብቻው ለሚሰራ ሰው የሚቀለው ፌሪክ ክሎራይድ የሚባለው ብረት የሚበላ አሲዳም ፈሳሽ ነው። አንዱን እጅ በሶስት ወይም በአራት እጅ ዲስቲልድ ውሃ አቅጥኖ ቢላውን ለጥቂት ደቂቃ ማንጠልጠል፣ አውጥቶ ማጠብ፣ ላዩ ላይ የቀረውን ጥላሸት መጥረግና እንደገና መክተት። ሲያበቃ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ማጠብ ግድ ነው፣ አሲዱ ካልሞተ ቢላው በማግስቱ ቀይ ሆኖ ነው የሚገኘው። ዳማስከስ (የተለያየ ብረት ተደራርቦ የተሰራ ቢላ) ላይ ኒኬል ያለበት ንብርብር ብዙም ስለማይበላ ነጭ ሆኖ ይቀራል ሌላው ይጠቁራል፣ ያ ቅርፅ ወለል ብሎ የሚወጣው በዚህ ነው። ከዛ በኋላ ወፍራም ቡና ውስጥ ለሰዓታት የሚያስቀምጡም አሉ፣ ጥቁሩን በጣም ያጠልቀዋል።

ለኔ ከሁሉም የሚያምረው የድሮው የዝገት መንገድ ነው፣ ብረቱን ሆን ብሎ በስሱ ቀይ ዝገት እንዲያወጣ ማድረግና ንፁህ ውሃ ውስጥ መቀቀል፣ ቀዩ እዛው ወደ ጥቁር ይለወጣል፣ ከዛ በለስላሳ ሽቦ ፈግፍጎ አምስት ስድስት ጊዜ መደጋገም። ትዕግስት ይጠይቃል ግን ይቆያል። ፋብሪካዎች ደግሞ ኮስቲክ ሶዳና ናይትሬት 140 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ አፍልተው ይነክሩታል፣ ይሄ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም፣ ውሃ ጠብ ካለበት ይፈነጥቃል፣ አሉሚኒየም እቃ ደግሞ በልቶ ሃይድሮጅን ያወጣል።

በጠርሙስ የሚሸጠው ቀዝቃዛ ማጥቆሪያ ፈጣን ነው፣ ግን አብዛኛው ሴሌኒየም ስላለበትና ሽፋኑም በቀላሉ ስለሚፋቅ ምግብ የሚነካ ቢላ ላይ ባይደረግ ይሻላል። የትኛውም ዘዴ ቢሆን ጓንት፣ መነጽርና አየር ያለበት ቦታ ይፈልጋል።

ብረቱን በእሳት አግሎ ዘይት ውስጥ መንከር ያለቀለት ቢላ ላይ መደረግ የለበትም። ብዙ የካርቦን ስቲል ቢላ ጥንካሬው የተስተካከለው 200 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ብረቱ ሰማያዊ እስኪመታ 300 ዲግሪ ገደማ ከተጋለ ይለሰልሳል፣ ስለቱም አይቆይም። ስቴንለስ ላይ ደግሞ ክሮሚየሙ ስለሚከላከል ብዙዎቹ ዘዴዎች አይዙም፣ ለሱ የሚመቸው ፋብሪካ የሚሰራው ፒቪዲ ወይም ዲኤልሲ የሚባለው፣ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ የሚለበጥ ስስ ጠንካራ ሽፋን ነው።

ስለት ማውጣት የመጨረሻ ስራ ነው፣ አሲዱ ጫፉን ስለሚያደንዘው። ሲሳል ጫፉ ላይ ያለው ጥቁር ተነስቶ ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል።